«እኔን!» ያሉት ሴትዮና ብቻቸውን የተቀመጡት ፈላስፎች

(ለአንድ የንባብ ክበብ አባላት በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለአንባቢ እንዲመች አንዳንድ ድግግሞሽ አውጥቻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጤና ይስጥልኝ፣ ወዳጆቼ።

ወደዚህ አዳራሽ ስመጣ ከታክሲ ወርጄ ጥቂት በእግሬ ተጓዝኩ። ከፊቴ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ እናቱን ቀድሞ ሲሮጥ በተፈነቀለ ድንጋይ ተደናቅፎ በግንባሩ ተደፋ። እናቱ ገና አልደረሰችም። ከመንገዱ ማዶ ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግተው የተቀመጡ ሴትዮ ግን ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው «እኔን!» አሉ። ልጁን አያውቁትም። ልጁም አልሰማቸውም፤ ያለቅሳል።

የዛሬው ርዕሴ ፈላስፎች ስለ ራስ፣ ስለ እኔነት፣ ምን እንዳሉ ነው። ሁለት ሳምንት ተዘጋጅቻለሁ፤ ይቺ ቃል ግን ማስታወሻዬ ላይ አልነበረችም። ሰዋስው ብንጠይቀው «እኔን» ተሳቢ ነው ይለናል። ግሡ የት ሄደ? «እኔን ይድፋኝ»፣ «እኔን ድፍት ያድርገኝ» ነበር ሙሉው። የወደቀው ልጁ ነው፤ የተጠራው የሴትዮዋ እኔ ነው። እኔ ካነበብኳቸው ፈላስፎች መካከል ራሱን በዚህ መንገድ ያገኘ አንድም አላስታውስም። ስለዚህ የንግግሬን ቅደም ተከተል መንገድ ላይ ቀየርኩት።

ከቋንቋው ልጀምር። «ራስ» መጀመሪያ አንገት ላይ የተቀመጠው ነገር ነው። ሰው ሲወድቅ «ራሱን ሳተ» እንላለን። የሴም ቋንቋዎችን የሚያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት «እርሱ»፣ «እርሷ»፣ «እርስዎ» የምንላቸው ተውላጠ ስሞችም ከዚሁ ከ«ርእስ» የወጡ ናቸው። «እርሱ መጣ» ስንል ከሥሩ «ራሱ መጣ» እያልን ነው። ትግርኛ በሌላ በር ገባ፤ «ንሱ»፣ «ንሳ»፣ «ንስኻ» የመጡት ከ«ነፍስ» ነው። አንዱ ሰውን በራሱ ይጠራዋል፣ ሌላው በነፍሱ። ፈላስፎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የተጨቃጨቁበትን ነገር ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይጣሉ ተካፍለውታል። አማርኛም ቢሆን ነፍስን አልጣላትም፤ ልጅ ክፉና ደጉን ሲለይ «ነፍስ አወቀ» እንላለን። ደግሞ ቋንቋችን ሁልጊዜ ለሌላው የሚያስብ ነው እንዳትሉኝ፣ «ከራስ በላይ ነፋስ» ያለውም ይኸው ቋንቋ ነው።

«ማንነት» የሚለውን ቃል ግን ዛሬ ሆን ብዬ እተወዋለሁ። ፖለቲካው ወስዶ ፎርም ላይ የሚሞላ ነገር አድርጎታል።

አሁን ወደ አንድ ንጉሥ ልውሰዳችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት፣ ዛሬ ፓኪስታን በምንላት ምድር ሜናንድሮስ የሚባል የግሪክ ዘር ያለው ንጉሥ ነበር። የቡድሃ ተከታዮች ሚሊንዳ ይሉታል። ክርክር የሚወድ፣ መነኮሳቱን መልስ የሚያሳጣ ሰው ነው። ነገሩ ቃል በቃል እንዲህ ሆነ አልልም፤ በፓሊ ቋንቋ ተጽፎ የደረሰን ግን እንዲህ ነው። ንጉሡ ናጋሴና የተባለውን መነኩሴ ስሙን ጠየቀው። መነኩሴው «ናጋሴና ይሉኛል፤ ስም ነው እንጂ ከስሙ ጀርባ የሚገኝ ሰው የለም» አለው። ንጉሡ ተገረመ። እንግዲያ ይህን ልብስ የሚለብሰው፣ ይህን ምግብ የሚበላው ማን ነው? አንድ ሰው ቢገድልዎ ነፍስ ገዳይ አይባልም ማለት ነው? ናጋሴና ፀጉርዎ ነው? ጥፍርዎ ነው? ጥርስዎ? ቆዳዎ? መነኩሴው ለሁሉም «አይደለም» አለ። «ታዲያ ናጋሴና የለም፤ ዋሽተውኛል» አለ ንጉሡ።

ተራው የመነኩሴው ሆነ። «ንጉሥ ሆይ፣ በዚህ ሙቀት በእግርዎ መጡ ወይስ በሠረገላ?» በሠረገላ። «ሠረገላው ዘንጉ ነው? መንኮራኩሩ ነው? ቀንበሩ ነው?» አይደለም። «ሁሉም አንድ ላይ ተከምረው?» አይደለም። «ታዲያ በምን መጡ? የዚህ ሁሉ አገር ንጉሥ ሆነው ይዋሻሉ?» ንጉሡ አልዋሸሁም፤ ዘንጉም መንኮራኩሩም ስላሉ «ሠረገላ» የሚል ስም ተሰጠ እንጂ፣ አለ። መነኩሴው የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ የእኔም ስም እንደዚያው ነው።

ንጉሡ ግን በዚህ አልለቀቀውም። ታዲያ ሕፃኑና ሽማግሌው አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? መነኩሴው የመለሰለትን ወተት ሲናጥ ያየ ሁሉ ይገባዋል፤ ወተቱ እርጎ ይሆናል፣ እርጎው ቅቤ ይሆናል፣ ቅቤው ይነጠራል። ንጥር ቅቤውን ወተት ነው የሚል የለም፤ ከሌላ ወተት መጣ የሚልም የለም። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ሙግት አጭሩ ይኸው ነው፤ እኔ ደግሞ ከብዙዎቹ ቅቤውን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መነኩሴው «እኔ የለሁም» ያለው ስሙን ለጠየቀው ሰው ነው። ንጉሡ ባይጠይቀው ኖሮ ንግግሩም ሠረገላውም አይኖሩም ነበር። ይህን ክር ይዤ ስሄድ ሌሎቹም ዘንድ አገኘሁት።

አውግስጢኖስን እንውሰድ። በ354 ዛሬ አልጄሪያ በሆነችው ታጋስቴ ተወለደ። ወጣት መምህር ሳለ አብሮት ያደገ፣ እጅግ የሚወደው ጓደኛ ነበረው። ስሙን አልነገረንም። ጓደኛው በትኩሳት ራሱን ስቶ ሳለ ቤተሰቡ አስጠመቁት። ሲነቃ አውግስጢኖስ በጥምቀቱ ሊቀልድ ሞከረ፤ አብሮኝ ይስቃል ብሎ። ጓደኛው እንደ ጠላት አየው፤ ወዳጄ ሆነህ መቀጠል ከፈለግህ እንዲህ አትበል አለው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳቱ ተመልሶበት ሞተ። አውግስጢኖስ አጠገቡ አልነበረም።

ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጳጳስ ሆኖ ይህን ሲጽፍ ስለ ራስ ከተጻፉት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ የምወደውን ጻፈ፤ ለራሴ ትልቅ ጥያቄ ሆንኩ ይላል። የዳዊትን መዝሙር የሚያውቅ ሰው ነውና ነፍሱን ለምን ታዝኛለሽ ብሎ ጠየቃት፤ የምትመልስለት አጣች። የነፍሱ እኩሌታ ሞቶ እርሱ እንዴት በሕይወት እንዳለ ይገርመው ነበር። እኔነቱ ጥያቄ የሆነበት በጥናት ክፍል አይደለም፤ ከለቅሶ ቤት ነው።

ቀጥሎ ሁለት ብቸኞች። ኢብን ሲና፣ በ980 ቡኻራ አጠገብ የተወለደው ሐኪምና ፈላስፋ፣ አንድ ሰው አስቡ ይለናል። ድንገት ሙሉ ሰው ሆኖ ተፈጥሮ በባዶ አየር ላይ የተንሳፈፈ፤ ዓይኑ የተሸፈነ፣ ጣቶቹ እንኳን እርስ በርስ የማይነካኩ፣ ነፋሱ የማይዳስሰው። ይህ ሰው እጅ እንዳለው አያውቅም፤ እርሱ እንዳለ ግን ያውቃል። ስለዚህ ራስ አካል አይደለችም። ሐሳቡ ውብ ነው። ግን ያ ሰው እናት የለውም፣ ስም የጠራው የለም፣ ቋንቋ የለውም። «እኔ አለሁ» የሚለው በምን ቃል ነው?

ከእርሱ ስድስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ሬኔ ዴካርት መጣ። በ1619 ክረምት፣ የ23 ዓመት ወታደር ሳለ፣ ጀርመን ውስጥ ምድጃ በሚሞቅበት ክፍል ቀኑን ሙሉ ብቻውን ተዘግቶ ዋለ። የሚያናግረኝ ሰው አለመኖሩ በጀኝ ሲል ራሱ ጽፏል። ቆይቶ ደግሞ የሚጠረጠረውን ሁሉ ጠረጠረ፤ ሰማይና ምድሩን፣ እጁንና ዓይኑን። የማይጠረጠር አንድ ነገር ቀረው። እየጠረጠርኩ ነው፣ ስለዚህ አለሁ። እኔ የማስብ ነገር ነኝ፤ አካሌ ሌላ ነው።

ይህን ሁላችሁም በትምህርት ቤት ሰምታችኋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ከዚያ በኋላ የመጣው ደብዳቤ ነው። የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ አባቷ ዙፋኑን አጥቶ ቤተሰቧ በሆላንድ በስደት ይኖር ነበር። የ24 ዓመት ሴት ነች። በግንቦት 1643 ለዴካርት ጻፈችለት። ጥያቄዋ ቀጥተኛ ነው፤ ነፍስ የምታስብ ብቻ ከሆነች፣ ስፋትም ክብደትም ከሌላት፣ እጄን እንዴት ታነሣዋለች? የሚገፋ ነገር የሚገፋውን መንካት አለበት። በሚቀጥለው ደብዳቤዋ ደግሞ በደንብ ያስብ የነበረ ሰው ሕመም ሲይዘው ማሰቡን እንዴት ያጣል ብላ ጨመረች። ስለ ሕመም ስትናገር ከመጽሐፍ አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች ትኩሳትና ደረቅ ሳል እንዳልለቀቋት ይናገራሉ።

የዴካርትን መልስ ሳነብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። የነፍስና የአካልን አንድነት በማሰላሰል አታገኚውም፤ የሚታወቀው በተራ ኑሮና በጨዋታ ነው አላት። ጨዋታ! ያ የሚያናግረኝ ባለመኖሩ በጀኝ ያለው ሰው። እኔ ዴካርትን ያሸነፈች ማን ናት ብትሉኝ ከፈላስፎቹ ሁሉ ይቺን ልዕልት እጠራለሁ።

ስለ ዴካርት ሲነሣ እኛ ዘንድ «ዘርዓ ያዕቆብስ?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እዚያ ጋር እጃቸውን ሊያነሡ የነበሩትንም አይቻለሁ። ንጉሡን ሳይሆን ፈላስፋውን ማለታቸው ነው። ሐተታ በተባለው መጽሐፉ እንደተጻፈው በ1599 አክሱም አጠገብ ተወለደ፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተከሶ ሸሸና ተከዜ አጠገብ በዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ብቻውን ኖረ፣ ዳዊት ብቻ ይዞ። እውነትን የሚመረምር ልቡና ከየት እንደመጣ የጠየቀው እዚያ ነው። እንደ ዴካርት ብቸኛ ይመስላል። ነገር ግን መጽሐፉን በዋሻው አልጻፈውም። እንፍራንዝ ወርዶ፣ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ አርጅቶ፣ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ጻፍልኝ ቢለው በ1667 ጻፈው።

እዚህ ላይ ለርዕሳችን የተመቸ ነገር አለ። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር «እኔ» ይላል፤ እኔ ተወለድኩ፣ እኔ ሸሸሁ፣ እኔ መረመርኩ። ቅጂውን በ19ኛው መቶ ዓመት ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ ነበር። በ1920 ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ ደራሲው ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን ያ መነኩሴ ራሱ ነው አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ብዙ ጻፉ። ክርክሩ አልተዘጋም። አንድ መቶ ዓመት ሙሉ ሊቃውንት «እኔ» የሚለው ማን ነው እያሉ ይፈላለጋሉ። ለእኔ ግን፣ ጸሐፊው ማንም ይሁን፣ ኂሩትን ሊያገባ ሲል ፈቃዷን የጠየቀውና ባልና ሚስት እኩል ናቸው ያለው ሰው ዋሻው ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ይልቅ ይጎላብኛል።

ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ጆን ሎክ ስለ ሰው ዕውቀት የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ የደብሊኑ ወዳጁ ዊሊያም ሞሊኖ ስለ አንድነትና ልዩነት አንድ ምዕራፍ ጨምር አለው። ሎክም ለ1694ቱ ሁለተኛ እትም ጨመረ። ዛሬ ሎክ በዚህ ጉዳይ የሚነሣው በዚያች በሰው ጥያቄ በተጨመረች ምዕራፍ ነው። የልዑል ነፍስ ከነትዝታዋ ወደ አንድ ጫማ ሰፊ አካል ብትገባ፣ ያ ሰው ማን ነው? ሎክ ልዑሉ ነው ይላል፤ ለልዑሉ ሥራ የሚጠየቀውም እርሱ ነው። ራስ ማለት ትዝታ የሚደርስበት ድረስ ነው። ከነፍስም ከአካልም አወጣት፤ የችሎት ቃል አደረጋት፣ ማን ይጠየቅ የሚል።

ቶማስ ሪድ በ1785 በቀላል ታሪክ አስቸገረው። ልጅ ሳለ ፍራፍሬ ሰርቆ የተገረፈ፣ መኮንን ሳለ የጠላትን ሰንደቅ የማረከ፣ ሲሸመግል ጄኔራል የሆነ ሰው አለ። መኮንኑ ግርፋቱን ያስታውሳል። ጄኔራሉ ሰንደቁን ያስታውሳል፣ ግርፋቱን ግን ረስቶታል። በሎክ ሕግ ጄኔራሉ መኮንኑ ነው፣ መኮንኑም ልጁ ነው፣ ጄኔራሉ ግን ልጁ አይደለም።

እኔ ሎክን የምጠራጠረው በሪድ ምክንያት አይደለም፤ በአክስቴ ምክንያት ነው። በመጨረሻ ዓመታቸው የመርሳት ሕመም ያዛቸው። መጀመሪያ ቀኑን ረሱ፣ ቀጥሎ እኛን፣ በኋላም የራሳቸውን ስም። እኔን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይሉኝ ነበር፤ የወንድማቸው ልጅ መሆኔን ስነግራቸው በትሕትና «እግዜር ያሳድግህ» ይላሉ፤ ያኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አንድ ቀን ቡና ሲቀርብ ልነሣ ስል ጉልበቴን ከረከቦቱ ጋር አጋጨሁት፤ ስኒዎቹ ተንኮሻኮሹ። አክስቴ ከአልጋቸው ቀና ብለው «እኔን!» አሉ።

የማንን? ስማቸውን እንኳን የማያውቁ ሴት ናቸው። ሎክ በዚያ ክፍል ቢኖር ትዝታ የለም፣ ስለዚህ ያቺ ሴት የለችም ይል ነበር። ቃሏ ግን ከአክስቴ በቀር ከማንም አልወጣችም፤ ድምፁም የዱሮው ነው። ይህን እንደ ማስረጃ አላቀርበውም። ሎክን ባነበብኩ ቁጥር ግን የዚያ ረከቦት ድምፅ ይሰማኛል።

ዴቪድ ሂዩም ከሁሉም ደፋር ነበር። በ1739፣ ሃያ ስምንት ሳይሞላው ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወደ ራሴ ጠልቄ ስገባ የማገኘው ሙቀት ወይም ቅዝቃዜ፣ ብርሃን ወይም ጥላ፣ ፍቅር ወይም ጥላቻ ነው አለ፤ «እኔ» የሚባለውን ይዤው አላውቅም። ራስ እየተተካኩ የሚሮጡ ስሜቶች ክምር ነው። ናጋሴናን ሳያነብ ሠረገላውን ደገመው። ሂዩምን የምወደው ግን በዓመቱ፣ በ1740፣ ጉዳዩን እንደገና ስመረምረው መውጫ አጣሁ፣ የቀድሞውን ሐሳቤን እንዴት እንደማቀናው አላውቅም ብሎ በአባሪ ስለጻፈ ነው። ስንት ፈላስፋ ይህን ያደርጋል? ጥያቄው ሲያስጨንቀው ምን እንደሚያደርግም ነግሮናል፤ ራት ይበላል፣ ባክጋሞን የሚባለውን ጨዋታ ይጫወታል፣ ከወዳጆቹ ጋር ይሳሳቃል። ከዚያ ሲመለስ ጥርጣሬዎቹ ቀዝቅዘው አስቂኝ ይሆኑበታል። ጥያቄውን ማባረሪያ አድርጎ ነው ያየው። መልሱ ገበታው ላይ አብሮት ተቀምጦ የነበረ ይመስለኛል።

የቀሩትን በፍጥነት ልለፋቸው። ካንት በ1787 «አስባለሁ» የሚለው ከሐሳቦቻችን ሁሉ ጋር መሄድ የሚችል ነው፣ ግን ዕቃ አይደለምና አትፈልጉት አለ፤ ትክክል ይመስለኛል፣ ማንንም ግን አያጽናናም። ዊሊያም ጄምስ በ1890 አንድ ሰው የሚያውቁት ሰዎች ቁጥር ያህል ማኅበራዊ ራሶች አሉት አለ። ኬንያዊው ጆን ምቢቲ በ1969 እኛ ስላለን እኔ አለሁ ሲል ጻፈ። ይህ አባባል በየስብሰባው ከመደጋገሙ የተነሣ ነፍሱ ወጥታለች። ምዕራቡ ለብቻው፣ አፍሪካ በጋራ የሚለውን ክፍፍልም አልወደውም። አውግስጢኖስ የአፍሪካ ልጅ ነው፤ ኤልሳቤጥ ደግሞ አውሮፓዊት ናት።

ስለ ዴሬክ ፓርፊት ግን ትንሽ ልቆይ። በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ መሣሪያ ያሳስበናል። እዚህ አካልህን ቅንጣት በቅንጣት መዝግቦ ያጠፋል፤ ማርስ ላይ ልክ አንተን የሚመስል፣ ትዝታህን ሁሉ የያዘ ሰው ይሠራል። ተጓዝህ ወይስ ሞትህ? ፓርፊት ጥያቄው የምናስበውን ያህል ከባድ አይደለም አለ። ራስ ከአካልና ከሐሳብ ተለይታ የቆመች ነገር ስላልሆነች «ያ ሰው እኔ ነኝ ወይ» ለሚለው ሁልጊዜ መልስ ላይኖር ይችላል። ይህን ከማመኑ በፊት ሕይወቱ በመስታወት ዋሻ ውስጥ መሮጥ ይመስለው ነበር፤ መጨረሻው ጨለማ። ካመነ በኋላ ግድግዳው ጠፋ፤ ሌሎች ሰዎች ቀረቡኝ ይላል። ያቺን የመንገድ ዳር ሴትዮ አያውቃትም፤ በረጅም መንገድ ዞሮ ሰፈሯ ደረሰ ልበል?

ሶቅራጥስን እስካሁን ያላነሣሁት ረስቼው አይደለም። በ399 ከክርስቶስ ልደት በፊት አቴና ውስጥ የሞት ፍርድ ተፈረደበት። የመጨረሻ ቀኑን ከወዳጆቹ ጋር ስለ ነፍስ ሲነጋገር ዋለ፤ ነፍስ አትሞትም፣ እኔ ነፍሴ ነኝ እያለ። ሊመሽ ሲል የዕድሜ ጓደኛው ክሪቶ «እንዴት አድርገን እንቅበርህ?» አለው። ሶቅራጥስ ሳቀ። «እንደፈለጋችሁ፤ ከያዛችሁኝና ካላመለጥኳችሁ» አለ። ወደ ሌሎቹ ዞሮም ቀኑን ሙሉ ተናገርኩ፣ ክሪቶ ግን የምትቀብሩት ሬሳ እኔ እንደሆነ ነው የሚያስበው አላቸው።

ከዚያ መርዙን ጠጣ። እስከ ሆዱ ድረስ ሲቀዘቅዝ የመጨረሻ ቃሉን ለክሪቶ ተናገረ፤ የዶሮ ስለት አለብን፣ ክፈሉ፣ እንዳትረሱ። ክሪቶ ሌላ የምትለው አለ ወይ ሲለው አልመለሰም። መርዙን የሰጠው ሰው ፊቱን ገለጠው፣ ዓይኖቹ ፈዝዘው ቆመዋል። ክሪቶ አፉንና ዓይኑን ገጠመ።

ለዛሬ ስዘጋጅ ይህን ዓረፍተ ነገር በማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ልክ አሁን እንዳነበብኩት ነው፤ «ክሪቶ አፉንና ዓይኑን ገጠመ»። ትክክል ነው። ግን በአማርኛ የራሱን አፍና ዓይን የገጠመ ይመስላል፤ እጄ አልሄድ አለኝ። ሰርዤ «ገጠመለት» ብዬ ጻፍኩ። ሶቅራጥስ ቀኑን ሙሉ እዚያ አልጋ ላይ የሚተኛው እኔ አይደለሁም ሲል ነበር። «ለት» ያልኩት ለማን ነው?